የተሸረፈው ማኅተም

ወረታ ውስጥ የድሮ የእንግሊዝ ቴምብር የምሰበስብ እኔ ብቻ ነኝ። ተፎካካሪ ስለሌለኝ አንደኛ ነኝ። የምወደው ቴምብሩ ላይ ያለችውን ንግሥት አይደለም፤ ፊቷ ላይ የተመታውን የፖስታ ቤት ማኅተም ነው። መሀሉ ላይ ያለው ቁጥር ደብዳቤው ከየት ከተማ እንደተላከ ይናገራል። ማኅተም ደግሞ እንደ ማረሻ በሥራ ብዛት ያልቃል፤ ጠርዙ ሲሸረፍ የቱ ቀድሞ የቱ ኋላ እንደታተመ ይታወቃል። ይህን ለመምህራን ባልደረቦቼ ማስረዳት ስጀምር ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ።

አባቴ አይወጡም። «ሰው የላሰውን ወረቀት በደመወዝህ ትገዛለህ?» ብለው ፊት ለፊት ይጠይቁኛል።

ባለፈው ዓመት አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በእኛ ማሳ አጠገብ ባለች አንዲት የሩዝ ማሳ ተጣሉ። ሴትዮዋ ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ ከዚያች ማሳ ሌላ መሬት የላቸውም። አባቴ «ሟቹ በሕይወት ሳለ ለቆልኛል፣ ያኔውኑ ቀበሌ አትሞበታል» ብለው ወረቀት ለሽማግሌዎች አወጡ። ሴትዮዋ «ባሌ እንዲህ ያለ ነገር አልነገረኝም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ።

«ልጄ ማኅተም ያውቃል፤ እሱ ይየው» አሉ አባቴ። ስለ ቴምብሮቼ ደግ ነገር ሲወጣቸው የመጀመሪያው ነበር። ደስ ብሎኝ አጉሊ መነጽሬን ይዤ በሩጫ ሄድሁ።

የማኅተሙ ክብ ከታች በኩል ተሸርፏል። የእኔ የጋብቻ ወረቀት የታተመው በዚያው የቀበሌ ማኅተም ነው፤ ያውም ሰውዬው ከሞቱ ከዓመት በኋላ። እሱ ላይ ግን ክቡ ሙሉ እንደሆነ አስታወስሁ። ከቤት አምጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። ሦስት ጊዜ አየሁ። ሁለቱ ለማጣራት ነው፤ ሦስተኛው ቀና ብዬ አባቴን ማየት ስለፈራሁ ነው።

«የአባቴ ወረቀት የታተመው ሰውዬው ከተቀበሩ በኋላ ነው» አልሁ።

ማሳዋ ለሴትዮዋ ጸናች። አባቴ ተነሥተው ጋቢያቸውን አራግፈው ሄዱ። እውነቱን በመናገሬ አልተጸጸትሁም፤ ግን አፈርሁ፣ ለማን እንዳፈርሁም አላውቅም።

ሩዝ ሲታረም አባቴ አገሩን ሁሉ ለወንፈል ጠሩ፤ እኔን ዘለሉኝ። ሳልጠራ ሄጄ ሱሪዬን ሰብስቤ ማሳው ዳር ቆምሁ። አባቴ ከአረማቸው ቀና ሳይሉ፣

«በሴትዮዋ በኩል ያለውን አንተ አርም። ድንበሩን የምታውቅ አንተ ነህ» አሉኝ።