የአባቴን በርኖስ የለበሰ ብል

ከመንዝ ስወጣ አባቴ በርኖሱን ከትከሻው አውርዶ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተልኝ። «ሰው አገር ብርድ ነው» አለ። ካርቱም ለመምጣት ጥቁር የበግ ጠጉር በርኖስ! አንድም ቀን አልለበስኩት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ጠረኑ እንዳይሸሽብኝ ብዬ ሻንጣውን መክፈትም ተውኩ። ለሙት ዓመቱ አገር ቤት ይዤው ልገባ፣ ለቅሶው ላይ ያልታየውን ልብሱን ለዘመድ ላሳይ ነበር ሐሳቤ።

የምሠራው ማንሺያ የሚባል የካርቱም ሰፈር ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ነፍሳት፣ ስለ ትልና ስለ ቢራቢሮ፣ ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ዶክተር ቤት። አንድ ጧት ክፍሌን ስጠርግ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ከረጢት በራሷ ግድግዳ ስትወጣ አየሁ። በስመ አብ! ጩኸቴን ሰምተው መጡ።

«ላ፣ ያ ቢንቲ፣ ተይ ልጄ፣ አትምቻት!»

በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። ከከረጢቷ የትል ጭንቅላት ብቅ አለ። እኛ ብል የምንለው ነው። ስታድግ የምትሆነውን ደግሞ በመርፌ ሰክተው ካስቀመጡት አመጡልኝ፤ አመድማ ክንፍ ያላት፣ ክንፏ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥብ ያለባት ሚጢጢ የእሳት እራት። የሚመስሏት ብዙ ስለሆኑ ሆዷ ተከፍቶ ኀፍረቷ ካልታየ ዘሯ አይለይም ሲሉኝ ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ።

«እኛ አገር ዘር የሚጠየቀው በአባት ነው» አልኳቸው። ሳቁ።

«ክንፍ ያላት ልብስ አትበላም። በላተኛዋ ትሏ ናት። ከረጢቷንም የምትሠራው ከበላችው ነው» አሉና ሳቃቸውን ድንገት አቆሙ። «ይሄ ጥቁር ሱፍ ነው። ያ ቢንቲ፣ በዚህ ሙቀት ማን ሱፍ አለው?»

ሮጬ ሻንጣውን ከፈትኩ። በርኖሱን ሳነሳው አንገትጌው እጄ ላይ ቀረ፣ ሌላው እንደ ገለባ ረገፈ። አፍንጫዬን ብቀብርበት የአባቴ ጠረን የለም፤ አቧራ ብቻ። እኔ ጠረኑን ቆለፍኩ ስል ለካ ለብል ድግስ ደግሼ ኖሯል! ከርጋፊው ውስጥ ጥቃቅን ከረጢቶች እየተጎተቱ ወጡ።

ዶክተሩ በሩ ላይ ቆመው «ያላ፣ ሳይበተኑ ግደያቸው» አሉኝ። ነጠላ ጫማዬን አነሳሁ። እጄ እምቢ አለ።

«ያ ዱክቱር፣ እርስዎ ይግደሏቸው» አልኩ። «እኔ የአባቴን በርኖስ የለበሰ በጫማ አልመታም።»

ለሙት ዓመቱ ይዤ የገባሁት አንገትጌውን ብቻ ነው።