ከማን ቤት እርሾ

ደሴ ያለው ሐኪም ልጄን ካየ በኋላ የነገረኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ስንዴና ገብስ አንጀቷን ስለሚጎዱት ሁለተኛ በአፏ እንዳይዞሩ፤ ስጋም ካላት ጥላቻ የተነሳ የሚያስመልሳት ከሆነ አታስገድጃት። «ታዲያ ምን ላብላት?» አልኩት። «አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? መጽሐፍ ፈልጊያ!» አለና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የአራት ዓመት ልጄ ሆዷ ተነፍቶ፣ እግሯ ቀጥኖ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነበር።

መፍትሔው ግን መጽሐፍ ሳይገኝ ከጎረቤት መጣ። እኔ በምኖርበት መርሳ ከተማ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ግራና ከምትባለው ከተማ ገበያ እየወጡ ማሽላ የሚነግዱ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ፊደል አልቆጠሩም። ጭንቀቴን ስነግራቸው «አብሽሪ ልጄ፣ ማሽላ እያለ ስንዴ ምን ያደርግላታል?» አሉኝ። ከነጩ ማሽላቸው ሰፈሩልኝ፤ እርሾም ከራሳቸው ሊጥ ላይ ያቀረረውን ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። ሹሮ፣ ጎመን፣ ዱባ፣ የምስር ወጥ እንዴት እንደምለዋውጥላት እያንዳንዱን በቃላቸው አስጠኑኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ልጄ ጉንጭ አወጣች።

እዚያው ላይ ማረፍ ነበረብኝ። ግን የተማርኩ ነኝ አይደል! ታትሞ ያላየሁት ነገር እንዴት ይታመናል? ልጄን ለእኚሁ እናት አደራ ሰጥቼ ወልድያ ወጣሁ።

የወልድያው መጻሕፍት መደብር በቀይ ሽፋን ተሞልቷል። ስለ ላብ አደሩ የማያወራ መጽሐፍ የለም፤ ላብ አደሩ ምን እንደሚበላ የሚናገር ግን አንድም አላገኘሁም። ሻጩ ከት ብሎ ሳቀብኝ። «ሰው እህል አጥቶ አንቺ የወጥ መጽሐፍ ትፈልጊያለሽ?» አለ። እህል ያጣውን ሰው እኔም በየመንገዱ አይቼዋለሁ፤ የልጄ ረሃብ ግን ረሃብ አይደለም ያለው ማነው? ንዴቴን ውጬ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ሰንብቼ በአራተኛው ቀን አንድ የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ በፊርማ ተዋስኩ።

ወደ መርሳ ስመለስ አውቶቡሱ ሲሪንቃ ሳይደርስ ገልጬ ጨረስኩት። «ለደካማ ሕፃናት» የሚለው ምዕራፍ የበሬ ቅልጥም መረቅ ነው፤ ዳቦ ተፈርፍሮበት። የጎመን ሾርባ እንኳ በፉርኖ ዱቄት ካልወፈረ አይሆንላቸውም። ማሽላ የተጠቀሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ለዶሮ መኖ! ሀብሩ ወረዳችን በሞላው የሚበላውን እህል ለዶሮ! መግቢያው ላይ ደግሞ «ለኢትዮጵያ እናቶች» ይላል። እኛ የየት አገር እናቶች ነን? ባልፈርምበት ኖሮ በመስኮት ወርውሬው ነበር።

ቤት ስገባ ትቼው የሄድኩት ሊጥ ሻግቶ ጠበቀኝ፤ እርሾዬም አብሮ ተበላሸ። አሮጊቷ ልጄን አስረክበውኝ ወዲያው ወደ ግራና ገበያ ስለሄዱ፣ ከጓሮ ጎረቤቴ እርሾ ለመንኩ። እኛ ዘንድ እርሾ የጠየቀ አይከለከልም፤ የወሰደም ከየትኛው ሊጥ እንደሆነ አይጠይቅም፣ ነውር ነው። አንድ ጣሳ ሞልታ ሰጠችኝ። አጥሩ ላይ ስለምታቀብለኝ ቀለለኝና ከዚያ ወዲያ ባቦካሁ ቁጥር ከእሷ እቀዳ ጀመር።

ወሩ ሳይወጣ ልጄ እንደገና ወደቀች። የበላችው ሁሉ በተቅማጥ ይወጣል፣ ጉንጯ ሟሸሸ። በስንዴ የተነካ ነገር በቤቴ የለም፤ ታዲያ ማነው? የምጠረጥረው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ልጄ የምትውለው አሮጊቷ ዘንድ ነው። ሮጬ ሄጄ አሮጊቷ ደጅ ላይ ቆምኩና «ሙሉ እምነቴን ጥዬብዎት ነበር! ተደብቀው ዳቦ እያጎረሱብኝ ነው!» ብዬ ጮኽኩባቸው። መንደሩ ሁሉ ወጣ።

ማሽላ ይሰፍሩበት የነበረውን ቁና አስቀመጡ። «ወላሂ ስንዴ ከቤቴ አልገባም» አሉ በቀስታ። ቀጥለውም «እርሾሽን ከማን ትቀጂያለሽ?» አሉኝ።

የጓሮ ጎረቤቴ የምታቦካው የእርዳታ ስንዴ ነበር። ቀበሌው ሲያድል ስትሸከመው በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ውሃ በየሳምንቱ በልጄ ሊጥ ላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ! እኚህ ሴት በአንድ ጥያቄ የደረሱበትን እኔ አራት ቀን ወልድያ ተንከራትቼ አላገኘሁትም።

ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ከፈትኩ። «እርሾ ጨምሪ» ይላል፣ ሌላ የለም። የተማሪ ደብተር በማርምበት ቀይ እስክሪብቶ ጎኑ ላይ «ከማን ቤት?» ብዬ ጻፍኩበት። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ የተናደድኩት በመጽሐፉ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ተመልሼ ሄድኩ። ጓዳቸው ገብቼ ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። ክዳን ባለው ማሰሮ የማሽላ እርሾ ቀድተው አዘጋጅተውልኛል።

«ይሄን ውሰጂ፣ ልጅቷን አላህ ያሽራት» አሉ። «ይቅርታውን ግን እዚህ አልቀበልሽም። ደጅ ላይ ነው ያዋረድሽኝ።»

ማሰሮውን እንዳቀፍኩ ወጣሁ። ጎረቤቶቹ ገና አልተበተኑም ነበር። እዚያው ቅድም የቆምኩበት ቦታ ቆሜ፣ ቅድም በጮኽኩበት ድምፅ «የበደልኩ እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ!» አልኩ።