ኳሷን ያስቀመጠው የእረኛው እጅ

ጅቡቲ ላይ በጎልፍ ውድድር አጭበርብራለች ተብሎ ስለ እኔ የተነገረው ሐሰት ነው። ይህን ከፊት ያስቀደምኩት ብዙ ሰው ንባብ ከመሃል ስለሚተው ነው። የተቀጣሁት እውነት ነው። የተሸነፍኩትም እውነት ነው። አጭበርባሪ የሚለው ግን የእኔ ስም አይደለም። እንዴት እንደተለጠፈብኝ፣ ስጠይቅም በመጨረሻ ምን መልስ እንደተሰጠኝ እናገራለሁ።

ሥራ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ዱላ አልነበረም፤ ባልዲ ነበር። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ወደ ሽንሌ በሚወስደው በኩል፣ የውጭ አገር ሰዎች በንጉሡ ዘመን ያበጁት የጎልፍ ሜዳ ነበር። ሜዳ ስላችሁ ሣር እንዳታስቡ። አሸዋ፣ ጠጠርና የግራር እሾህ ነው። በየጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አሸዋ ብቻ ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር ይለወሳል፤ ነፋስ እንዳይወስደው፣ ኳስም እንድትንከባለልበት። ያንን ቦታ «ጥቁሩ» እንለዋለን። ጥቁሩን የሚለውስ ሠራተኛ ዘይት ቀቢ ይባላል። እኔ የተቀጠርኩት ዘይት ቀቢ ሆኜ ነው።

የሜዳው ኃላፊ አቶ መርዕድ ነበር። ለባቡሩ ሰዎች ሲያስተረጉም ስለኖረ ፈረንሳይኛ ያውቃል። በዚያ ሙቀት ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበቱ ይስባል።

«ዘይቱን በእጅሽ ትለውሺያለሽ፣ በሳንቃ ትደለድያለሽ፣ አፍሽን ትዘጊያለሽ» አለኝ።

ሁለቱን በአንድ ሳምንት ለመድኩ።

ጥቁሩ በሳንቃ ከተደለደለ በኋላ መስተካከሉ የሚታወቀው ኳስ ሲንከባለልበት ነው። አንድ አሮጌ ዱላና አንድ የተላጠች ኳስ ሰጡኝ። ከዚህ ጫፍ መትቼ ወደ ጉድጓዱ እሰዳለሁ፤ ኳሷ ካጋደለች ጎድጓዳውን እሞላለሁ። ልምምድ ነው ብዬ አላሰብኩም። ሥራዬ ነበር።

አንድ እሑድ አንድ ተጫዋች ወባ ይዞት ቀረ። «አስካለ፣ ጎዶሎ ሙይ» አለኝ አቶ መርዕድ። ቀሚሴን በመቀነት ጠበቅ አድርጌ ገባሁ። ረጅሙን ምት ስቼ አሸዋ አፈስኩበት፤ ሁሉም ሳቁ። ጥቁሩ ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ቆመ።

«አቦ፣ ማን አስተማረሽ?» አለ አቶ መርዕድ።

«ባልዲው» አልኩት።

አብዮቱ ሲመጣ የውጭዎቹ ሄዱ። ከዚያ ጓድ ታደሰ መጣ፤ የቀበሌ ሰዎች አስከትሎ። ሜዳው የቡርዧ መጫወቻ ስለሆነ ታርሶ ማሽላ ይዘራበት አለ።

«ዝራ» አልኩት። «በተቃጠለ ዘይት የሚበቅል ማሽላ ካለህ እኔም ዘር እወስዳለሁ።»

ዘወር ብሎ በእጄ ያለውን ዱላ አየው። «ይህ ነገር እንዴት ነው የሚመታው?» አለ። ሰጠሁት። መታ፤ አየር ነው። ደገመ፤ አየር ነው። ኮቱን አወለቀ። ከእሱ ጋር የመጡት ሰዎች ጥላ ፈልገው ተቀመጡ፤ በኋላም አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ኳሷን አገኛት፤ ጥሩ ሄደች። «ይህ ጨዋታ ከሰፊው ሕዝብ እጅ መውጣት የለበትም» ብሎ ወሰነ። በማግስቱ የሠራተኞች የጎልፍ ክፍል ተባልን፤ ሊቀ መንበሩም እሱ ሆነ።

በክፍሉ ሦስት ማዕረግ ነበር። ዘይት ቀቢ፣ ቦርሳ ተሸካሚ፣ ቋሚ ተጫዋች። እኔ ሦስቱንም አልፌባቸዋለሁ። ቋሚ ተጫዋች ማለት ደመወዙ በመጫወት የሚቆረጥለት፣ ወደ ውጭም የሚላክ ማለት ነው። ሽልማቱ በዓይነት ነበር፦ ቴርሞስ፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ጊዜም የሬዲዮ ቴፕ። ልጆቼን ያሳደግሁበት ሙያ ነው።

ባሕር ተሻግረን ኤደን የሄድነው በወዳጅ አገርነት ነው። የዚያም ሜዳ አሸዋ ስለነበር አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ከጨዋታው በፊት ጓድ ታደሰ ወደ ጎን ጠራኝ።

«አስካለ፣ እዚህ ያሉት የትግል ወንድሞቻችን ናቸው። እኩል ብትወጡ ጥሩ ነው።»

«ለኳሷ ነግረሃታል?»

«አትቀልጂ። መመሪያ ነው።»

«እንግዲያው መመሪያው ይጫወት፤ እኔ ልቀመጥ» አልኩት። ተጫወትኩ፤ አሸነፍኩ። ወንድሞቻችን አልተቀየሙም። ማታ ዓሣ አበሉን፤ እንደውም ጓድ ታደሰን ምት አስተማሩት፤ ስለ መመሪያው ግን ማንም አላነሣም።

አሁን ስለ ፍየል ልናገር፤ ጉዳዬ ያለው እዚያ ነው።

የእኛ ሜዳ የፍየል መንገድ ነው። ወደ ውኃ የሚነዱት መንጋዎች በመሃሉ ያልፋሉ። ፍየል ደግሞ የላብ ጨው ያለባት ኳስ ስታገኝ ትልሳለች፤ አንዳንዷ በአፏ ይዛ ትሄዳለች። ድሮ በዚህ ጉዳይ ሁለት ተጫዋቾች ተደባድበው የአንዱ ጥርስ ወለቀ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ። ፍየል ኳስ ከነካች ጨዋታው ይቆማል። እረኛው ይጠራል። ኳሷ የነበረችበትን ቦታ እረኛው ያስታውሳል፤ በገዛ እጁም ያስቀምጣታል። ተጫዋቹ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ አይነካም፤ አይናገርም። የተጫዋች እጅ ኳስ ሲያስቀምጥ ሳያውቀውም ወደ ጉድጓዱ ያዘነብላል። እረኛው ግን ማን ቢያሸንፍ ምን ገዶት!

ብዙ ጊዜ የምትጠራው ሀሊማ ነበረች፤ ሱማሌ ናት፣ እኩያዬ። መጀመሪያ ሰማይ ታያለች፣ ከዚያ መሬት፣ ከዚያ «ሀዬ፣ እዚህ ናት» ትልና ታስቀምጣለች። ቃሏ አይመለስም። ሱማሊኛ የለመድኩት ከእሷ ነው።

ጅቡቲ ላይ ለፍጻሜ የደረስኩት ከአንዲት ማዳም ጋር ነው፤ ባሏ ወደብ የሚሠራ። ሽልማቱ ፍሪጅ ነበር። ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ፍሪጅ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጎረቤቶቼ ሳልሄድ በፊት የሚቀመጥበትን ግድግዳ መርጠው፣ በረዶው ለማን ለማን እንደሚደርስ ተጣልተው ነበር።

የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ እኔና ማዳም እኩል ነበርን። ኳሴ ጥርት ያለ አሸዋ ላይ አርፋለች። ልክ ወደ እሷ ስራመድ አንዲት ነጭ ፍየል ቀደመችኝና አፈፍ አድርጋ ሄደች። እኔም እንደ አገሬ ቆምኩ። እጄን አነሣሁ። በሱማሊኛ «የፍየሏ ባለቤት ማነው?» ብዬ ጮህኩ። አንድ ሽማግሌ ከግራር ሥር ተነሡ።

«የኔ ናት። ምን ሰበረች?»

«ምንም አልሰበረችም አባቴ። ኳሴ የነበረችበትን ቦታ ያስታውሱና እውነቱ ላይ ያስቀምጡልኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

ሽማግሌው ሥራውን በክብር ያዙት። ፍየሏን ጆሮዋን ይዘው ኳሷን ከአፏ ፈለቀቁ፤ በሽርጣቸው ጠረጉ። ተመላለሱ። ፍየሏን ራሷን ጠየቋት፤ ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። በመጨረሻ ኳሷን አንድ ድንጋይ ጀርባ አስቀመጧት። እዚያ አልነበረችም። በደንብ አውቃለሁ፣ እዚያ አልነበረችም። ነገር ግን የእረኛ ቃል አይመለስም፤ እጄን ወደ ኋላ እንዳጣመርኩ ዋጥ አደረግሁት። ከድንጋዩ ጀርባ በጎን መትቼ አወጣሁ፤ ከማዳም እኩል ጨረስኩ።

ዳኛው ሙሴ ዤራር የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ሙሴ በእነሱ አቶ ማለት ነው። ፊቱ ቀልቶ መጣ።

በጎልፍ ሕግ ኳስን መልሶ ማስቀመጥ ያለበት ተጫዋቹ ራሱ ነው። ሌላ ሰው ካስቀመጠ ቅጣት አንድ ምት። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ እኛ ሜዳ ላይ የሚያስቀጣው ግልባጩ ነው። በአንድ ምት ተሸነፍኩ። ይሁን። ግን ሙሴ ዤራር በዚያ አልበቃውም። ከሽማግሌው ጋር በማያውቀው ቋንቋ ስነጋገር፣ ስስቅ፣ ኳስም ሲያስቀምጡልኝ አይቷል። በሕዝቡ ፊት እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ አንድ ቃል ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኩት ሊያስተረጉም አብሮኝ የመጣውን አቶ መርዕድን።

«ኧረ ተይው።»

«ምን አለ?»

«አጭበርብራለች አለ።»

ቃሉ ከእኔ ቀድሞ ድሬዳዋ ገባ። በዚያው ባቡር አብረን የመጣን ይመስለኛል፤ እሱ ግን ቶሎ ወረደ። ቀፊራ ገበያ በርበሬ ልገዛ ስሄድ ሻጯ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አሳየችኝ። «ምነው?» ስላት «ለአንቺማ መጠንቀቅ ነው» ብላ ሳቀች። ጎረቤቶቼ ደግሞ ባላጭበረብርም በረዶ ስላጡ ይቅር አላሉኝም።

አቶ መርዕድ ከቋሚ ተጫዋችነት አወረደኝ። «ስምሽ እስኪጠራ ነው» አለኝ።

«ማን ነው የሚያጠራው?»

«ያቆሸሸው ነዋ።»

ባልዲዬን ያዝኩ። ከማዕረግ መውረዱ እንኳ አላንገበገበኝም፤ ዘይት ዘይት ነው። ግን ከዱላዬ ይልቅ ስሜን ማጣቴ አበሳጨኝ። የጅቡቲ ሰው በባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ ወርጄ «ለሙሴ ዤራር ንገሩት፣ አስካለ መልስ ትጠብቃለች» እላለሁ። አንዱ «ሰላም ብሎሻል» ብሎ መጣ። ሰላም አልጠየቅሁም።

በኋላ የጅቡቲዎቹ ለመልስ ጨዋታ እኛ ዘንድ መጡ። ሙሴ ዤራር ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ አብሯቸው ነበር። የመጨረሻው ጥቁር ላይ ሳንቃዬን ይዤ ወጣሁና ቆምኩ። መልስ ካላገኘሁ ኳስ እዚህ አይገባም አልኩ።

«አስኩ፣ እንግዳ ነው። በኋላ ይደርሳል» አለ አቶ መርዕድ።

«በኋላማ ባቡሩ ይዞት ይሄዳል።»

ፀሐዩ ያቃጥላል። ሁሉም ወደ ግራሩ ጥላ ሸሹ፤ እኔ አልሸሸሁም። ሙሴ ዤራር አንድ ሁለት ቃል ተናገረ። አቶ መርዕድ ፈገግ ብሎ «ሙሴ ከልብ ይቅርታ ይጠይቅሻል» አለኝ።

ድሬዳዋ አድጌ «ፊኒ» ምን እንደሆነ አላጣውም። «አላለም!» አልኩ። «አልቋል ነው ያለው። ሰውየው ያልጠየቀኝን ይቅርታ አልቀበልም፤ ለእሱም ቢሆን ነውር ነው።»

ሙሴ ዤራር ምን እንዳልኩ ጠየቀ። ሲነገረው ባርኔጣውን አወለቀ።

ይሄኔ ጓድ ታደሰ ብድግ አለ። «ጓዶች፣ ይህ ጉዳይ በሂስና ግለ ሂስ ይፈታል። ጓድ ሙሴ፣ ጀምር።»

«ምን ልጀምር?» አለ ፈረንሳዩ በአስተርጓሚ።

«ራስህን መውቀስ።»

«መጀመሪያ ልጠይቅ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ያ ሽማግሌ ዘመድሽ ነበር?»

«በዚያን ቀን ነው ያየኋቸው።»

«ታዲያ ኳስሽን ለምን አስያዝሻቸው?»

ሕጋችንን ነገርኩት፤ ስለ ጥርሱ፣ ስለ እጁ፣ ስለ ሁሉም። አላመነኝም፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ሀሊማ ፍየሎቿን ይዛ ቆማ ትሰማ ነበርና ጣልቃ ገባች።

«እጇ ስለማይታመን ነው። የአንተም አይታመንም። እዚህ ዳኛዋ እኔ ነኝ።»

ሙሴ ዤራር የሥራ ባልደረባ እንዳገኘ ሰው ቀረብ አላት። «አድልተሽ ታውቂያለሽ?»

«ወላሂ፣ አንዴ። ይሄ ካልሲ ያደረገው ሰውዬ ፍየሌን በኳስ እግሯን መታት። ሌላ ቀን ከአስካለ ጋር ሲጫወት ኳሱን እሾህ ውስጥ ከተትኩለት። ይህቺ ጮኸች። ‹ሀሊማ፣ እዚያ አልነበረችም፣ አውጪ› አለችኝ። ‹አባዮ፣ እህቴ፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው› ብላት ‹አትበዪልኝ› አለች። ቃሌን የመለስኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አወጣሁ። ሰውዬውም አሸነፋት።»

አቶ መርዕድ ፊቱን ወደ ግራሩ አዞረ።

«ተርጉም እንጂ» አለው ጓድ ታደሰ።

አቶ መርዕድ ካልሲውን እየሳበ ተረጎመ። ሁሉንም ተረጎመ፤ እኔም የማውቃትን ያህል ፈረንሳይኛ ይዤ ተከታተልኩት። ሙሴ ዤራር «አመሰገንካት?» ሲለው ግን ያንን ለእኛ አልተረጎመውም፤ ጆሮው ብቻ ቀላ።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው አንድ ነገር ነው። በሰው አገር ሜዳ ከመግባታችሁ በፊት ሕጉን ጠይቁ፤ የእናንተ ትክክል እዚያ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ጥፋት ግን ማጭበርበር አይደለም። ቅጣትን ተቀበሉ፤ የማይገባ ስም አትቀበሉ።

ሙሴ ዤራር ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ከጥላው ወጥቶ ፀሐዩ ላይ አጠገቤ ቆመ። የጅቡቲዎቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገ። አቶ መርዕድም ምንም ሳይጨምር ምንም ሳይቀንስ አስተረጎመ።

«ይህች ሴት ሕግ ሳታውቅ ተሳስታለች እንጂ አላጭበረበረችም። ያን ቃል የተናገርኩት በሰው ፊት ስለነበር፣ በሰው ፊት አንስቻለሁ።»

«ቅጣቱስ?» አልኩት።

«ቅጣቱ ይጸናል።»