ሳጉሬ ስወርድ የሚለቀኝ ራስ ምታት

መጀመሪያ ራስ ምታት ነበር። ጠዋት ስነሳ ግንባሬን ሰቅዞ ይይዘኛል፤ ሻሽ አጥብቄ አስሬ እውላለሁ። ባለቤቴ ጌታቸው ከሳጉሬ በላይ ተራራ ላይ የስልክ ማማ ይጠብቃል። ሥራው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ማስነሳት፣ ጫፉ ላይ ያለው ቀይ መብራት እንዳይጠፋ ማየት ነው። ከበታቻችን ከሚያርሱት ከኦቦ ገመቹ በቀር ጎረቤት የለንም።

ያን ክረምት መብራት ጠፍቶ ከረመ። ጄኔሬተሩ በብርዱ አልነሳ ሲል፣ ናፍጣውም ሲሰረቅ፣ ጌታቸው ከመኝታችን አጠገብ ወዳለው ዕቃ ቤት አስገባው። እኔ ደግሞ ነፋስ እንዳይገባ የበሩንና የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወታተፍኩት። ሞቀን። ብልሆች የሆንን መስሎን ነበር።

ከዚያ ጠብ መጣ። ቁጣ የማያውቅ ሰው ጨው በዛ ብሎ ሳህን ወረወረ። እኔም የማይባለውን እለዋለሁ። ያቅለሸልሸኛል፤ ጉልበቴ ይከዳኛል። ለገበያ ሳጉሬ ስወርድ ግን ይለቀኛል፣ ቤት ስገባ ይመለሳል። በሽታዬ ባሌ ነው አልኩ። ጠላሁት። ከልቤ ጠላሁት።

አንድ ጠዋት የሠራሁትን በልቶ አስመለሰው።

«ልትገድይኝ ነው» አለኝ።

ልፈታው ቆርጬ ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ። አሰላ እህቴ ዘንድ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ራሴን ሳትኩ፤ ተሳፋሪዎች ሐኪም ቤት አደረሱኝ።

ወጣቱ ሐኪም ከሰል ታነዱ እንደሆነ ጠየቀኝ። አናነድም አልኩት። ጄኔሬተርስ ሲለኝ የት እንዳለ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከጄኔሬተሩ ጭስ ጋር የሚወጣ መርዝ። አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታቱም ብስጭቱም ከሱ ሊሆን ይችላል። ቤት የቀረ ሰው አለ?»

ባሌ አለ።

ደወልኩ። አያነሳም። ደገምኩ። አያነሳም። ኦቦ ገመቹ ጋ ደወልኩ። ሮጡ። በሩን ሰበሩት። መልሰው ሲደውሉ ያለከልካሉ።

«ጂራ፤ በሕይወት አለ። ይተነፍሳል። ደጅ አውጥቼዋለሁ።»

አሰላ አምጥተውት ኦክስጅን ተደርጎለት ሲነቃ፣ ከእኔ በፊት ስለ ቀይ መብራቱ ጠየቀ፤ በአንድ ጊዜ ተናደድኩም፣ ደስ አለኝም፣ አለቀስኩም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ የጀመረውን ወሬ ይረሳ ነበርና፣ ኦቦ ገመቹ ማማውን ሲያዩልን እኔ ክንዱን ይዤ ቀስ እያልን ባረፍንበት በእህቴ ግቢ እንመላለስ ነበር።

ለሐኪሙና ለኦቦ ገመቹ እድሜ ይስጥልኝ። እንደኛ ከሰው ርቃችሁ ማማ፣ የውሃ ሞተር ወይም ወፍጮ የምትጠብቁ ባልና ሚስት ካላችሁ፣ ጄኔሬተሩን ከቤት አርቁት፤ ከተሰረቀም ይሰረቅ። ከቤት ስትወጡ የሚለቃችሁ ራስ ምታት ካለም ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ አንዳችሁ ሌላውን ትታችሁ እንዳትወርዱ፣ አብራችሁ ውረዱ።

ጠቡ ሁሉ የጭሱ ነበር ብዬ አልዋሽም። ጨው ሲበዛበት ዛሬም ያጉረመርማል፤ እኔም ዝም አልልም። መስኮቱን ግን ከፍተን ነው የምንጣላው።