ተክቢራው እስኪጀመር

የአረፋ ጠዋት «አላሁ አክበር» የሚለው ተክቢራ ከመስጊዱ ስፒከር ሲለቀቅ ቀኝ እጄ ሳላዘው ወደ አፌ ይሄዳል። እኔ እዚህ ሳውዲ፣ ደማም ውስጥ ሦስት ሰው የሚያነሳውን ፍሪጅ ብቻዬን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ የማወጣ ሰው ነኝ፣ ያላመነ መጥቶ ይጠይቅ። ያንን ድምፅ ስሰማ ግን ተመልሼ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ቁጭ እላለሁ።

ያኔ ኾበር፣ ቱቅባ የሚባለው ሰፈር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተጋርተን እንኖር ነበር፤ አንዱ ክፍል ውስጥ እኔ፣ እማዬና አባዬ፣ ሌላው ውስጥ እትዬ ዘይነብ። አባዬ የወሎ እስላም፣ እማዬ የወሎ ክርስቲያን፣ እኔ ደግሞ በሁለቱም በዓል በላተኛ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማናችንም ስላልነበረን ትምህርት ቤት የሚባል ደጁንም አልረገጥኩም፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ እትዬ ዘይነብ ናት፣ ቢሆንም ከተማሩት እሻላለሁ።

በሙቀቱ ወራት ኤሲው እንደ አሮጌ ኢሱዙ እያጓራ ስለሚውል እማዬ እንደልቧ ትስቅ፣ መዝሙሯንም ታንጎራጉር ነበር። ብርዱ ሲገባ ግን ኤሲው ይጠፋና ቤቱ ጭር ይላል፣ ታች ቤት ያለው ሰውዬ ሲያስነጥስ እኛ ላይ ሆነን በሹክሹክታ «ይማርህ» እንለው ነበር። እሱ ከተሰማን የኛም ድምፅ ለሱ ይሰማዋል ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላኝ በነበረው ብርድ ከኛ በላይ የምትኖር ልጅ እናቷ መሞቷን ተረድታ ስትጮህ፣ ጎረቤት ሰው የታረደ መስሎት ፖሊስ ጠርቶ፣ ፎቁ ላይ የተገኘውን አበሻ በሙሉ ጭነውት ሄዱ። እኛ የተረፍነው ገበያ ስለነበርን ነው። ከዚያ ወዲያ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ስር እገባ ነበር፤ ፈርቼ ሳይሆን ለጥንቃቄ ነው፣ እሺ፣ ፈርቼም ነው።

ገናና አረፋ በሦስት ቀን ልዩነት የገጠሙበት ዓመት፣ ገና ሊደርስ ሲል፣ እማዬ ሥራ ላይ እያለች አባዬ ስልክ አናግሮ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። ሙላት ሞቷል። ሙላት የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ አገር ቤት ወባ ይዞት አለቀ።

«እንዴት ነው የምናረዳት?» አለ አባዬ። «ከጮኸች ኸላስ፣ ሁላችንም እስር ቤት ነን፣ ከዚያ ወደ አገር።»

«በገናዋ አትነካትም» አለች እትዬ ዘይነብ። «የአረፋ ጠዋት ይሁን። ተክቢራው ሲጀመር ንገራት፣ ያኔ አገር ቢጮህ ማን ይሰማል?» ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «አንተ ለፍላፊ፣ ትንፍሽ ትልና ወዮልህ!»

«እኔ? እኔ እኮ መቃብር ነኝ» አልኳት፣ ቃሉን የሰማሁት ካፌ ከወጣ በኋላ ነው።

የገና ዕለት እማዬ ዶሮዋን ሠርታ፣ መጋረጃውን ዘግታ፣ ሻማዋን ድስት ውስጥ ለኩሳ ስታበቃ ከፌስታል ጃኬት አወጣች።

«ና ልለካብህ። ለሙሌ ነው፣ ወደ አገር የሚገባ ሰው አግኝቻለሁ።»

እጅጌው ጣቴን አልፎ ተንጠለጠለ። ዚፑን እስከ አገጬ ዘጋችውና ራቅ ብላ አየችኝ።

«ሙሌን መሰልክ። ይሆነዋል?»

«ይሆነዋል» አልኩ። ወላሂ፣ ፖሊስን እንኳ እንደዚያ ጃኬት አልፈራሁም። ከዚያ በኋላ ዶሮው አልዋጥ አለኝ፤ እኔ፣ የሁለት በዓል በላተኛው!

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጥርሴን።»

ሦስት ቀን ሙሉ ጥርሴን አመመኝ። ስትስቅ እሸሻት፣ ስልክ ስታነሳ ካገር ቤት እንዳይሆን ብዬ ጆሮዬን እቀስር ነበር።

የአረፋ ጠዋት አባዬ ሶላት ሳይሄድ ቀረ፣ እትዬ ዘይነብም ጥቁር ነጠላ ደብቃ ገባች። እማዬ አንድ በአንድ አየችንና ብቅ ያለው የነጠላው ጫፍ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ስፒከሩ ሲከፈት አባዬ ሁለቱን እጆቿን ያዘ።

«ጥሩዬ፣ ጠንከር በይ። ሙላት አርፏል።»

ጮኸች። ስፒከሩ ይጮሃል፣ እሷም ትጮሃለች፣ እውነትም አይለይም ነበር። ያላሰብነው ነገር ግን ተክቢራውም ትንፋሽ ይወስዳል፣ ዝም ይላል። የመጀመሪያው ዝምታ ላይ የእሷ ድምፅ ብቻውን ቀረ። አባዬ እጆቿን እንደያዘ ደረቀ። እኔ ዘልዬ አፏን በመዳፌ ያዝኩ። ተክቢራው ሲመለስ እለቃታለሁ፣ ሲቆም እይዛታለሁ፤ እንባዋና ትንፋሿ እጄን አራሱት። በኋላ ለመድነው፣ ዝም ሊል ሲል እሷ ራሷ እጄን ስባ አፏ ላይ ታደርገው ነበር።

ረፋዱ ላይ በር ተንኳኳ። አልጋ ስር ገባሁ። የታች ቤቱ ሰውዬ ነው፣ የእርድ ሥጋ በሳህን ይዞ፣ የእማዬን ዓይን አይቶ ሳህኑን አስቀምጦ ሄደ። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን እኔ ካፊል፣ ማለት ዋስ የሚሆነኝ አሠሪ፣ አግኝቼ፣ ባለ ኢቃማ ሆኜ ደማም ነው የምኖረው፣ በር ቢንኳኳ ራሴ ነኝ የምከፍተው። ጃኬቱ ልክ ሆኖኝ ለብሼው፣ ከዚያም ጠቦኛል። እማዬ በኹሩጅ፣ በመውጫ ቪዛ፣ አገሯ ገብታለች፣ እዚያ በፈለገችው ሰዓት ብታለቅስ ሰፈሩ አብሯት ያለቅሳል እንጂ ማንም ፖሊስ አይጠራባትም። ግን አረፋ ሲደርስ ደውላ «ተጀመረ እንዴ እዚያ?» ትለኛለች። አረፋ ዞሮ ዞሮ ሙቀቱ ላይ ወድቋልና ኤሲውን አጠፋለሁ፣ መስኮት ከፍቼ ስልኩን ወደ ውጭ እዘረጋለሁ። ስፒከሩ ሲጮህ ታለቅሳለች፣ ስፒከሩ ትንፋሽ ሲወስድ እሷም ዝም ትላለች፣ እኔም እዚህ እጄን አፌ ላይ አድርጌ እስኪመለስ እጠብቃታለሁ።