ጉበት ጾም አያውቅም ያሉን መምህር

መምህራችን ጋሼ ደምሴ ሁዳዴ ሳይፈታ በድንገተኛ የልብ ሕመም አርፈው፣ ትናንት ሀና ማርያም ተቀበሩ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ትሑት፣ ቁጣ የማያውቁ» ተባለ። ኧረ በሕግ አምላክ! መካኒሳ አቦ አካባቢ በነበረው የጤና ኮሌጅ ያስተማሩን ሁሉ ጠመኔ ሲወረወርብን የኖርን ነን።

ደግ አልነበሩም አልልም። ምሳ ያልያዘ ተማሪ ካዩ «ና፣ ይህን ሽሮ አግዘኝ» ይሉ ነበር። እያጎረሱም ይሳደባሉ።

ጉበት ውስጥ ኮሌስትሮል የሚያሠራውን ኢንዛይም ሲያስተምሩን ግቢ አስወጡን። ኢንዛይሙ ከአራት ተመሳሳይ የፕሮቲን ሰንሰለቶች የተገጠመ ነውና ከክፍሉ ልጆች አራታችንን አቆሙ። ሥራው የሚሠራው አንዱ ሰንሰለት ከሌላው በሚጋጠምበት ክፍተት ላይ ስለሆነ፣ እኔና ጓደኛዬ ትከሻ ለትከሻ ገጠምን።

«ተጠጊ! ጋሪ ልታሳልፊበት ነው?» ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ በመካከላችን ጠመኔ ሰኩ። «ኮሌስትሮል የሚቀንሰው መድኃኒት ይኸው። ጥሬ ዕቃው የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ያዘ። ጥሬ ዕቃው ቆሞ ይቀራል!»

አንዱ ተማሪ «ጋሼ፣ ቅቤ ካልበላንስ?» አለ።

«ደደብ! ጉበት ጾም አያውቅም። አንተ ባትበላ እሱ ራሱ ይሠራዋል።»

ዛሬ ፉሪ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። የጋሼን የኮሌስትሮል ኪኒን የምሰጣቸው እኔ ነበርኩ። ሁዳዴ ሲገባ ቀሩ። ብደውል «ሥጋውንም ቅቤውንም ትቻለሁ፤ ኪኒኑ ለፋሲካ ይደርሳል» አሉኝ።

«ጉበት ጾም አያውቅም ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሳቁብኝ። «እሱማ ለፈተና ነው።»

ለፈተና! ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ያላወቀ ቢሞት ይታዘንለታል፤ እያወቀ የሞተን ሰው ምን ይሉታል?

ትናንት ድንኳን ውስጥ ታናሽ እህታቸው እትዬ ዘነበች አጠገቤ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሕመሙ የዘር ነው፤ እሳቸውም አለባቸው። «ወንድም ጋሼ እንደዚያ ጾሞ፣ ስብ ልቡን ዘጋው ይሉኛል?» አሉ።

«እትዬ፣ እርስዎ ኪኒንዎን እየወሰዱ ነው?»

«ልጄ፣ ጾም አይደል እንዴ?»

ከዚህ በኋላ ይሉኝታ የለም። ሁለት ሴት ለቀስተኞች አስነስቼ ትከሻ ለትከሻ አቆምኩ፤ የነጠላዬን ጫፍ ጠቅልዬ በመካከላቸው ሰካሁ። ሴቶቹ ግራ ተጋብተው ራቅ ራቅ ሲሉ «ተጠጉ! ጋሪ ልታሳልፉበት ነው?» ብዬ ጮህኩ። «ኪኒኑ ይኸው፤ ጉበት ጾም አያውቅም!» የማን ድምፅ እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም። እትዬ ዘነበች ቀና ብለው አዩኝ፤ በእንባቸው መካከል ሳቅ አመለጣቸው።

ጋሼ፣ ተናድጄብዎታለሁ፤ ገና ብዙ እናደዳለሁ። እህትዎ ግን ማታ ኪኒናቸውን እያየሁ ውጠዋል፤ ነገም ቆሜ አስውጣቸዋለሁ፣ ሲያስፈልግም እሳደባለሁ። አፈሩ ይቅለልዎት፣ መምህሬ። ፈተናው ለእርስዎም ነበር።