በሐማዱ ቅጂ ላይ ያለው የእኔ ድምፅ

ሥራ የጀመርኩት የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ ባዞረበት ዓመት ነው። እዚያው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርትዬ 2 የሚባል ሰፈር ውስጥ ሳሊም የሚባል የመናዊ የድምፅ መሣሪያ ያከራይ ነበር። ሥራ ፍለጋ ገና በሩ ላይ ስቆም የሚያጓራ አምፕሊፋየር አሳየኝና፣ «ያ ሐበሻ፣ ይሄን ሙያ የት ተማርክ?» አለኝ።

«የትም። የመበየጃ ካውያ አለህ?»

የተቃጠለውን ኮንደንሰር አውጥቼ ሌላ በየድኩበት። ማጓራቱ ቆመ። ሳሊም «ነገ ና» ቢለኝም፣ ሱቁ እስኪዘጋ ተቀምጬ የቀሩትንም ጠገንኩለት። ሙያውን ድሬዳዋ ሳለሁ የተጣሉ ሬዲዮኖችን እየፈታሁ ብቻዬን ነው የተማርኩት። በእኔ ዘመን በጅቡቲ ከተማ ከእኔ የሚበልጥ የድምፅ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው።

ከገመድ ጎታችነት ተነስቼ ሳሊም በኋላ የከፈተው የድምፅ መቅጃ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ሕጌ አጭር ነበር፤ ቅጂ ሲጀመር ቬንትሌተር ይጠፋል፣ ሰው ትንፍሽ አይልም። በጅቡቲ ሙቀት ቬንትሌተር ማስጠፋት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሚኒስትርም ሲመጣ አስጠፍቻለሁ።

አንድ ቀን ሐስና የምትባል አስተማሪ መጣች። አያቷ ሐማዱ አፋር ናቸው። ጅቡቲ ከፈረንሳይ ነጻነቷን በጠየቀችበት ዘመን በሰሜን በኩል የአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ተወካይ ነበሩ። ሰልፍ በተጠራበት ቀን ሕዝባቸውን ከቤት እንዳይወጣ ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ በገዛ ከተማቸው «ፈረንሳይ በገንዘብ የገዛው» እየተባሉ ኖሩ። አሁን ሳንባቸው ታሟል፣ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣቸውም።

«ሳልሞት ያገሬ ሰው ከራሴ አፍ ይስማኝ ብለዋል፣ ጋሽ ታደሰ» አለችኝ።

ቤታቸው አምቡሊ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ስለሆነ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ማቆም ነበረብን። ማይኩን ደረታቸው አጠገብ አቆምኩ፣ ሐስናን በጣቴ ዝም አሰኘኋት። ሽማግሌው ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ቆሙ። እንደገና ጀመርን። እንደገና ቆሙ። ትንፋሻቸው ያለቀ መሰለኝ።

«ደከመዎት፣ አባባ?» አልኳቸው።

«አንተ ሐበሻ፣ ሞተሃል እንዴ? ሬሳ ፊት አላወራም!»

ያን ጊዜ ገባኝ። አፋርኛን ፔካ 12 የሚባለው የጭነት መኪና ማቆሚያ ከጨው ጫኝ ሾፌሮች ጋር ስውል ለቅሜዋለሁ፤ ዳጉ ለሚሉት የወሬ መለዋወጫ ልማዳቸው ሲቀመጡም አይቻለሁ። አንዱ ወሬውን ሲነግር ሌላው በየመሀሉ «እህ» እያለ ይቀበለዋል። ተቀባይ ከሌለ ነገሩ አይቀጥልም፤ ዝም ያለ ሰው አላመነም ማለት ነው። ስንት ዓመት ያልታመኑትን ሰው እኔ ደግሞ በዝምታ አፋጥጫቸዋለሁ።

መሣሪያውን ከፍቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና «እህ» አልኩ።

ቀጠሉ። «የሰልፉ ቀን የወታደር መኪኖች ከገበያው ጀርባ ተደብቀው ነበር።»

«እህ።»

«የነገረኝ የጦር ሰፈሩ ወጥ ሠሪ ነው። ስሙን ብጠራ ኖሮ ይገድሉት ነበር፤ እስኪሞት ላልናገር ማልኩለት። ፈረንሳይ የገዛው ሲሉኝ ዝም አልኩ።»

«እህ።»

«ባለፈው ወር እሱም ሞተ። አሁን እናገራለሁ።»

እስከ መጨረሻው ተናገሩ።

ሳሊም ቅጂውን ሲሰማ ጮኸ። «ይሄ ሁሉ እህ እህ ምንድነው? ፍየል ነው የቀዳኸው? ቁረጠው!»

ሳልከራከር ትንሽ ቦታ ኮምፒውተር ላይ ቆርጬ አሰማሁት። ራሱን ነቀነቀ። «ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን የሚሰጥ መሰለ። መልሰው።»

ሐስና ሲዲውን ይዛ ወደ ከተማቸው ተሻገረች። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሲከፈት ስልክ ደወለችልን። እኔ አምቡሊ፣ ሐማዱ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሞባይሉን ጆሮአቸው ላይ ያዝኩላቸው። መጀመሪያ የሚሰማው የእሳቸው ድምፅና የእኔ «እህ» ብቻ ነበር። ወጥ ሠሪው ጋ ሲደርስ ግን ከተሰበሰቡት መሀል አንድ ሻካራ ድምፅ ከእኔ ጋር አብሮ «እህ» አለ።

ሐማዱ እጄን ያዙኝ። «ዓሊ ነው። «ፈረንሳይ የገዛው» የሚለውን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው።»

ቀጥሎ ሌላ ሰው ተቀበለ፣ ከዚያ ብዙዎች። የእኔ ድምፅ በመካከላቸው ጠፋ። ድምፄ ሲዋጥ ደስ ያለኝ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ቅጂው ንጹሕ እንዲሆን ብላችሁ ተናጋሪውን ከማይክ ጋር ብቻውን አትተዉት። የሚመልስለት ሰው ፊቱ አስቀምጡለት።